ዕድሜ ገፋ ሲል የሚገዛ የቤት ላፕቶፕ፦ ደሴ ላይ ሱቅ ከመግባትዎ በፊትና ከገቡ በኋላ

ላፕቶፕ ሊገዙ ሱቅ ሲገቡ መጀመሪያ የሚጠየቁት «አይ 5 ነው አይ 7 የሚፈልጉት?» ተብለው ነው። የላፕቶፑን አንጎል፣ ፕሮሰሰር የሚባለውን፣ ማለታቸው ነው። ጥያቄው ትክክል ነው፤ የሚቀድም ጥያቄ ግን አይደለም። በስልሳና በሰባ ዓመት የሚገዛ ላፕቶፕ መጀመሪያ የሚለካው በዓይን ነው፤ ቀጥሎ በእጅ፤ ከዚያ በቤቱ መብራት። የማሽኑ አቅም ከነዚህ በኋላ ይታያል። ፊደሉ አልነበብ ካለ፣ ቁልፉ ጣትን ካስቸገረ፣ ባትሪው መብራት በሄደ ቁጥር አብሮ ከጠፋ፣ የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ቁም ሳጥን ውስጥ ይገባል።

ከሁሉ በፊት ምን ሊሠሩበት እንዳሰቡ ለይተው ይወቁ። ዐረብ አገር ካለች ልጅ ጋር በቪዲዮ ማውራት፣ መንዙማ ወይም መዝሙር ማዳመጥ፣ ዜና ማንበብ፣ ፎቶ ማስቀመጥ፣ የቅሬውን (የዕድሩን) መዋጮና የአባላት ስም መመዝገብ፣ ማመልከቻ መጻፍ፤ ይህን ሁሉ መካከለኛ ላፕቶፕ ያለ ችግር ይሠራዋል። ፍላጎትዎ በቪዲዮ ማውራትና ዩቲዩብ ማየት ብቻ ከሆነ ግን ላፕቶፕ አይግዙ፤ 10 ኢንች ያህል ስክሪን ያለው ታብሌት በቂ ነው፣ ለመልመድም ይቀላል። ላፕቶፕ የሚያስፈልገው መጻፍ ሲኖር ነው። የቅሬው ጸሐፊ ከሆኑ፣ የሕይወት ታሪክዎን ለልጅ ልጆች ሊያስቀምጡ ካሰቡ፣ ወይም ረጅም ጽሑፍ የሚያነቡ ከሆነ ገንዘቡ በከንቱ አይወጣም።

ዓይን

ስለ ስክሪን ሁለት ነገር ይጠይቁ። አንዱ ስፋቱ ነው፤ ከጥግ እስከ ጥግ በኢንች ይለካል። ለቤት 15.6 ኢንች ይመረጣል፣ 14ም ጥሩ ነው። ከዚያ ያነሰውን ርካሽ ነው ተብሎ እንዳይወስዱ። ሌላው ጥራቱ ነው፤ በሁለት ቁጥር ይነገራል። 1366 በ768 የሚባለው የድሮው ነው። 1920 በ1080 የሚባለውን ሻጮች «ፉል ኤችዲ» ይሉታል፤ እሱን ይያዙ።

ለአማርኛ አንባቢ ይህ ልዩነት ከሌላው ይበልጥ ይከብዳል። የእኛ ፊደል አንዱን ከአንዱ የሚለየው በትንሽ ጭረት ነው። «ዲ» እና «ዴ» ልዩነታቸው እግራቸው ላይ ያለችው ጭረት ወይም ቀለበት ናት። ጥራቱ ዝቅ ያለ ስክሪን ላይ ያቺ ቀለበት ትደበዝዝና ጭረት ትመስላለች፤ አንባቢው ከዓረፍተ ነገሩ እየገመተ ያነባል። ግማሽ ሰዓት እንደዚያ ያነበበ ሰው ራሱን ያመዋል፤ ጥፋቱ የዓይኑ ይመስለዋል እንጂ የስክሪኑ ነው።

ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ይህን ያድርጉ። ሻጩ የአማርኛ ዜና ያለበት ገጽ ይክፈትልዎት። ቤት የሚያነቡበትን መነጽር ያድርጉ፤ የሩቅ ማያውን አይደለም። ወንበር ስበው ከስክሪኑ ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር፣ አንድ ክንድ ያህል ማለት ነው፣ ርቀው ይቀመጡ። ከዚያ አንድ አንቀጽ ድምፅዎን አውጥተው ያንብቡ። ሳይጎነበሱ ካነበቡት ስክሪኑ ይሆንዎታል። ከጎነበሱ ደግሞ ወዲያው አይጣሉት፤ መጀመሪያ ፊደሉን ያስተልቁ። ሴቲንግስ ውስጥ ሲስተም፣ ከዚያ ዲስፕሌይ፣ ከዚያ ስኬል የሚለውን ወደ 125 ወይም 150 በመቶ ያድርጉት፤ ሁሉም ነገር አብሮ ይተልቃል። ጽሑፉ ብቻ እንዲተልቅ ከፈለጉ አክሰሲቢሊቲ የሚለው ውስጥ ቴክስት ሳይዝ አለ፤ እስከ 225 በመቶ ይሄዳል። ይህን አድርገውም ከጎነበሱ፣ ምናልባት መነጽሩ ነው። ለመጽሐፍ የሚታዘዝ መነጽር በአብዛኛው 40 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ላለ ነገር የተሠራ ነው፤ ላፕቶፕ ከዚያ ራቅ ይላል። የዓይን ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ «ስክሪን የማየው በዚህ ርቀት ነው» ብለው በእጅዎ ያሳዩ።

የስክሪኑ ፊትም ይለያያል። አንዳንዱ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል፣ አንዳንዱ ደብዘዝ ያለ ነው። ደብዘዝ ያለውን ይምረጡ። ዓይናቸው ላይ ሞራ የጀመራቸው ሰዎች በተለይ ነጸብራቅ ይረብሻቸዋል፤ የመስኮት ብርሃን ስክሪኑ ላይ ሲያርፍ ጽሑፉ ይጠፋባቸዋል። ለማወቅ ቀላል ነው፤ ላፕቶፑ ጠፍቶ እያለ ስክሪኑ ላይ ይዩ። ፊትዎ ጥርት ብሎ ከታየ የሚያብለጨልጨው ነው።

እጅ

የቁልፎቹ ነገር በእጅ ካልተነካ አይታወቅም። ጣትዎን ቁልፉ መሃል ላይ አሳርፈው ሲጫኑ ወደ ውስጥ መግባቱ ሊሰማዎት ይገባል። ጠፍጣፋና ጠንካራ የሆነው፣ ተጫኑትም አልተጫኑት የማይለየው፣ ቁርጥማት ላለበት እጅ አይሆንም። በቁልፎቹ ላይ ያለው ጽሑፍ ነጭ፣ ቁልፉ ጥቁር ይሁን፤ ብርማ ቁልፍ ላይ ግራጫ ጽሑፍ ያለው ማታ አይነበብም። ከሥሩ መብራት የሚበራለት ኪቦርድ ካገኙ ትንሽ ጨምረው ቢወስዱት ያዋጣል።

ከቁልፎቹ በታች ያለችው ጣት የሚንሸራተትባት ሰሌዳ፣ ታችፓድ የምትባለው፣ ለጀማሪ አስቸጋሪ ናት። እጅ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ ደግሞ ይብሳል። ባለ ሽቦ ማውስ አብረው ይግዙ። ሽቦ አልባው ባትሪ ይፈልጋል፣ ሽቦ አልባ የሚያደርገው ትንሽ መሰኪያም ይጠፋል። ማውሱን ከሰኩ በኋላ ሴቲንግስ ውስጥ የማውሱን ፍጥነት ይቀንሱ፣ የቀስቱን መጠንም ያስተልቁ። ሁለቴ መጫን ለከበዳቸው፣ በሁለቱ ጭነት መሃል ያለውን ጊዜ የሚያረዝም ማስተካከያ አለ፤ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ማውስ የሚለው ጋ ይገኛል።

አንድ ነገር አስቀድመው ያጥፉ። ሺፍት የሚባለው ቁልፍ አምስት ጊዜ በተከታታይ ሲጫን ስቲኪ ኪስ የሚባል ጥያቄ ብቅ ይላል። ሳያነቡት «እሺ» ካሉ ኪቦርዱ ያልጠበቁትን መሥራት ይጀምራል፤ በዚህ የተነሳ ላፕቶፑ ተበላሸ ብሎ ወደ ጥገና የሚወስድም አለ። አክሰሲቢሊቲ ውስጥ ኪቦርድ የሚለውን ከፍተው ያጥፉት።

ውስጡ

አሁን የሻጩን ጥያቄ እንመልስ። አይ 5 እና አይ 7 የሚለው የኢንቴል ፕሮሰሰር ስም ብቻውን ምንም አይነግርዎትም፤ ቁም ነገሩ ትውልዱ ነው። ከስሙ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ይዩ። 8250 ከሆነ የመጀመሪያው ቁጥር 8 ነው፤ ስምንተኛ ትውልድ ማለት ነው። 4600 ከሆነ አራተኛ ነው። 1035 እና 1135 ያሉት በሁለት ቁጥር ይነበባሉ፤ አሥረኛና አሥራ አንደኛ ናቸው። በቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ እስከ ሰባተኛ ትውልድ ድረስ የነበረው አይ 5 ሁለት ኮር፣ ሥራውን የሚከፋፈል ክፍል ማለት ነው፣ ነበረው፤ ከስምንተኛ ጀምሮ አራት ሆነ። ስለዚህ አራተኛ ትውልድ አይ 7 ብለው በኩራት ቢያሳዩዎት፣ ስምንተኛ ትውልድ አይ 5 ይበልጠዋል።

ስምንተኛ ላይ እንቁም የምንልበት ሌላም ምክንያት አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ የሚቀበለው በጥቅሉ ከስምንተኛ ትውልድ ኢንቴል ጀምሮ ያለውን ነው። ስድስተኛና ሰባተኛ ትውልድ ላይ በአቋራጭ የተጫነ ዊንዶውስ 11 ሊያጋጥምዎት ይችላል፤ ዛሬ ይሠራል፣ ቀጣዩ ትልቅ ማሻሻያ ሲመጣ ግን ሊቀር ይችላል። ከኢንቴል ሌላ ኤኤምዲ የሚባል ፕሮሰሰር ካገኙ ራይዘን 5 ሆኖ ቁጥሩ 3500 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን።

ራም፣ ማሽኑ እየሠራበት ያለውን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ቦታ፣ 8 ጂቢ ይሁን። 4 ጂቢ ይከፍታል፣ ግን ቪዲዮ ጥሪ ላይ ሆነው ሌላ ገጽ ሲከፍቱ ይንገዳገዳል። 16 ለዚህ ሥራ አያስፈልግም።

ማስቀመጫው ኤስኤስዲ መሆን አለበት፤ 256 ጂቢ ይበቃል። በዚህ አይደራደሩ። የድሮው ሃርድ ዲስክ ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን ነው፤ ለመነሳት ደቂቃዎች ይፈጃል፣ እየሠራ ከተንገጫገጨም ይጎዳል። «1000 ጂቢ ነው፣ ከዚያኛው አራት እጥፍ» ቢሉዎት፣ ለእርስዎ ሥራ ያ ቦታ ባዶ ነው የሚቀረው። ከዚህ የባሰ ደግሞ አለ፤ አዲስ፣ ከነካርቶኑ፣ ዋጋው የሚያጓጓ፣ ሴሌሮን የሚል ደካማ ፕሮሰሰር ያለው፣ ማስቀመጫው 32 ወይም 64 ጂቢ «ኢኤምኤምሲ» የሆነ። ይህ ማስቀመጫ ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፤ አይቀየርም። ዊንዶውስ ራሱ አብዛኛውን ቦታ ይይዘዋል፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ማሻሻያ የሚያርፍበት ቦታ ያጣና ማሽኑ ይጎተታል። አዲስ መሆኑ አያታልልዎት።

ክሮምቡክ የሚባለው፣ በዊንዶውስ ፋንታ በጎግል ሥርዓት የሚሠራው ላፕቶፕም፣ ርካሽ ሆኖ ይመጣል። አብዛኛው ሥራው ኢንተርኔት ላይ የተመሠረተ ነው፣ የእያንዳንዱ ሞዴል ማሻሻያም የሚያበቃበት ቀን አስቀድሞ የተወሰነ ነው። ኔትወርክ ለሚቆራረጥበት ቤት አይመከርም።

ያገለገለው ይሻላል

በተመሳሳይ ዋጋ አዲስ ርካሽና ያገለገለ የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ቀርበው ቢመርጡ፣ ያገለገለውን ይውሰዱ። ውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኞቻቸው የሚገዙት ማሽን ጠንካራ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ማጠፊያው ብረት፣ ኪቦርዱ ምቹ፣ ክዳኑ ተፈትቶ ባትሪና ኤስኤስዲ የሚቀየርለት። እኛ ጋ በብዛት ከሚገኙት ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ5፣ ዴል ላቲትዩድ 5490 ወይም 7490፣ ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480 ለቤት ጥሩ ናቸው። በአብዛኛው ስምንተኛ ትውልድ ናቸው፤ ግን በተመሳሳይ ስም ሰባተኛ ትውልድ የገባባቸው ስላሉ ቁጥሩን ራስዎ ይዩ። ጂ3 እና ጂ4 የሚሉት ኤሊትቡኮች ስድስተኛና ሰባተኛ ናቸው፤ በመልክ ለመለየት ያስቸግራሉ።

የት እንገዛ ለሚለው፣ ደሴ ላይ የሚገኝ ከሆነ ደሴ ይግዙ። አዲስ አበባ ዋጋው ዝቅ ሊል ይችላል፤ ግን መንገዱ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ነው፣ ቻርጀሩ ባይሠራ ለመመለስ አንድ ቀን ሙሉ ይሄዳል። እዚሁ ደሴ ፒያሳ ያለ ሱቅ ግን በታክሲ ይደረሳል። ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ ወይም ከኩታበር ለሚመጡም እንደዚያው። አዲስ አበባ ያለ ልጅ ገዝቶ እንዲልክ ካደረጉ ደግሞ የሚቀጥለውን ፍተሻ እሱ ያድርገው፤ ስክሪኑንና ኪቦርዱን ግን ማንም ለእርስዎ ሊፈትሽልዎት አይችልም።

ሱቁ ውስጥ አንድ ሰዓት

ለመፈተሽ አንድ ሰዓት ይያዙ። ጠዋት፣ ሱቁ ሳይጨናነቅ ይሂዱ፤ ስልክዎ ላይ ኢንተርኔት ይኑር፣ ፍላሽና የጆሮ ማዳመጫ ይያዙ። ሻጩ «አባባ፣ እኔ ፈትሼዋለሁ» ቢልዎት አመስግነው ይቀጥሉ። ተቀምጦ መፈተሽ ነውር የለውም፤ ገንዘቡ የእርስዎ ነው።

መጀመሪያ ሳይበራ ይዩት። ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡትና አራቱን ጥግ በጣት ጫን ጫን ያድርጉ። የሚወዛወዝ ከሆነ፣ ወይም ታችፓዷ ወደ ላይ ካበጠች፣ ውስጡ ያለው ባትሪ ያበጠ ሊሆን ይችላል። ያበጠ ባትሪ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል ዋጋ ቢቀንሱልዎትም አይውሰዱት። ክዳኑን ቀስ ብለው ከፍተው መሃል ላይ ይልቀቁት፤ ባለበት መቆም አለበት።

ከዚያ ሲያበሩት ውስጣዊ ማስተካከያው በይለፍ ቃል መቆለፍ አለመቆለፉን ይፈትሹ። ኤችፒ ላይ ሲበራ ኤፍ 10፣ ዴል ላይ ኤፍ 2፣ ሌኖቮ ላይ ኤፍ 1 ደጋግመው ይጫኑ። ፓስወርድ ከጠየቀ የድሮው ባለቤት ቁልፍ አልተነሳም ማለት ነው፤ ይተዉት። ሌላም ቁልፍ አለ፣ ይህኛው ቶሎ አይታይም። ሻጩ ማሽኑን ቀድሞ ሪሴት እንዲያደርገው፣ እንደ አዲስ እንዲመልሰው ማለት ነው፣ ይንገሩትና የመጀመሪያውን ማስጀመር ፊትዎ ይሥራው። ከዋይፋይ ጋር ሲገናኝ የአንድ ድርጅት ስም አምጥቶ የድርጅቱን ኢሜይል ከጠየቀ፣ ማሽኑ አሁንም በዚያ ድርጅት ስም ተመዝግቧል። ኢንተርኔት ሳይኖር ካስጀመሩት ይህ አይታይም፤ ቤት ከገቡ በኋላ ግን ሊመጣ ይችላል።

ሲከፈት ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ይጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል፤ ፐርፎርማንስ የሚለውን ይንኩ። ፕሮሰሰሩ ከነቁጥሩ፣ ራሙ፣ ማስቀመጫው ኤስኤስዲ ይሁን ኤችዲዲ ሁሉም እዚያ ተጽፏል። የሳጥኑ ተለጣፊ ሊሳሳት ይችላል፣ ይህ ግን የሚያሳየው ውስጡ ያለውን ነው። ቀጥሎ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ አክቲቬሽን ይክፈቱ፤ ዊንዶውሱ ሕጋዊ ከሆነ «አክቲቭ» ይላል። የመሥሪያ ቤት ላፕቶፖች ፈቃዱ አብዛኛውን ጊዜ ቦርዳቸው ላይ ስላለ፣ ከኢንተርኔት ጋር ሲገናኙ ራሳቸው ያውቁታል። በተሰበረ ሶፍትዌር «የተከፈተ» ዊንዶውስ አይቀበሉ፤ የይለፍ ቃል ሰራቂ ቫይረስ አብሮ የሚገባው ብዙ ጊዜ በዚያ ነው።

ባዶ የጽሑፍ ገጽ ከፍተው ሁሉንም ቁልፍ አንድ በአንድ ይምቱ። ነጭ ገጽ ስክሪኑን ሞልተው ጥቁር ነጠብጣብ ወይም ቢጫ እድፍ መኖሩን ይዩ። ፍላሽዎን በሁሉም ቀዳዳ ሰክተው ይሞክሩ። መንዙማ ወይም ሌላ የሚያውቁትን ድምፅ ከፍ አድርገው ያጫውቱ፤ የሚያንቋርር ከሆነ ስፒከሩ ተቀዷል። በስልክዎ ሆትስፖት ያገናኙትና ለልጅዎ በቪዲዮ ይደውሉ። ካሜራው ጥቁር ከሆነ ከመደናገጥ በፊት ከስክሪኑ በላይ ያለውን ጠርዝ ይዳስሱ፤ ኤሊትቡክ 840 ጂ5 እና ብዙ ቲ480 ላይ በጣት የምትገፋ ትንሽ መሸፈኛ አለች። ልጅዎ ያለችው ዱባይ ከሆነ ዋትስአፕ ጥሪ እዚያ ዝግ ስለሆነ፣ እሷ በምትጠቀምበት መተግበሪያ ይሞክሩ።

ባትሪው ጊዜ ይወስዳል፤ ስለዚህ ከሌላው ጋር አብሮ ይሂድ። 100 በመቶ ሞልቶ ይጠብቅዎት። ቻርጀሩን ነቅለው፣ ብርሃኑን ግማሽ አድርገው፣ ቪዲዮ ለ30 ደቂቃ ያጫውቱ። 85 ወይም ከዚያ በላይ ከቀረ ሦስት ሰዓት ገደማ ይቆያል፣ ጥሩ ነው። ወደ 75 ከወረደ ሁለት ሰዓት ነው፤ ዋጋ ያስቀንሱበት። ከ60 በታች ከሆነ፣ ወይም ከ50 ላይ በድንገት ከጠፋ፣ አዲስ ባትሪ ካላስገቡልዎት አይክፈሉ።

ቻርጀሩ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። «ኢንፑት» ከሚለው ፊት 100 እስከ 240 ቮልት ይበል፤ የእኛ መብራት 220 ነው። ለጠቀስናቸው ላፕቶፖች በአብዛኛው 65 ዋት ይሆናል። ዴል ቻርጀሩን ካላወቀው ሲነሳ ያስጠነቅቃል፣ ባትሪውንም አይሞላም፤ ይህን ካዩ ቻርጀሩ ይቀየር። ከዱባይ የመጣ ከሆነ ሶኬቱ ሦስት ጠፍጣፋ እግር አለው። የእኛ ግድግዳ ሁለት ክብ ቀዳዳ ነው። አዳፕተር ከመሰካት ይልቅ ገመዱ ራሱ እንዲቀየር ይጠይቁ፤ ከቻርጀሩ ሳጥን ይነቀላል፣ ዋጋውም ትንሽ ነው። የሚወዛወዝ አዳፕተር ይሞቃል፣ ይቀልጣልም።

ደረሰኝ ሲቀበሉ ከላፕቶፑ ሥር ያለው ሲሪያል ቁጥር ይጻፍበት፤ የመመለሻው ቀንም እንደዚያው። በቃል የተሰጠ «አንድ ወር ዋስትና» ሻጩ ያልነበረ ቀን ዋጋ ያጣል።

ቤት ከገባ በኋላ

መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በራሱ ባትሪ ይቀጥላል፤ የሚጎዳው ሲመጣ ነው። ተመልሶ ሲመጣ ቮልቴጁ ከፍና ዝቅ ስለሚል፣ መብራት እንደሄደ ቻርጀሩን ይንቀሉ፤ ከመጣ በኋላ አምስት ደቂቃ ያህል ቆይተው ይሰኩ። ክረምት ላይ የጦሳ ተራራ ነጎድጓድ ሲያሰማም እንዲሁ ይንቀሉ፤ ዲቫይደሩን ማጥፋት ብቻውን መብረቅ አያቆምም። ላፕቶፑን ከምጣድና ከፍሪጅ ጋር አንድ ዲቫይደር ላይ አይሰኩት።

ፍራሽ ወይም አልጋ ላይ አስቀምጠው አይጠቀሙ። አየር የሚስበው ከሥሩ ነው፤ ብርድ ልብሱ ቀዳዳውን ሲደፍነው ይግላል፣ ይንቀራፈፋል፣ በመጨረሻም ራሱን ያጠፋል። መደብ ላይ ተቀምጠው መሥራት የሚቀናዎት ከሆነ ሰፊ ትሪ ወይም ጣውላ ጭን ላይ አድርገው በላዩ ያስቀምጡት። ደሴ ብርዱ ለማሽን ይስማማል፤ ኮምቦልቻ፣ መርሳና ቆቦ ግን ሙቀቱና አቧራው ስላለ በዓመት አንዴ ከፍቶ የሚያጸዳ ባለሙያ ያስፈልጋል።

ቡና ሲፈላ ላፕቶፑ ከረከቦቱ ይራቅ። አንድ ሲኒ ቢደፋበት የሚያድነው ፍጥነት ነው። ቻርጀሩን ይንቀሉ፣ ማብሪያውን ስክሪኑ እስኪጠፋ አሥር ሰከንድ ያህል ተጭነው ይያዙ። ከዚያ ከፍተው በግንባሩ ይድፉት፤ ኪቦርዱ ወደ መሬት እንዲያይ፣ እንደ ድንኳን ቆሞ። ሥሩ ፎጣ ያንጥፉ። እሳት ዳር አያስጠጉት፣ ሩዝ ውስጥ አይቅበሩት፣ «ይሠራ ይሆን» ብለው ለማየት አያብሩት። ስኳር ያለው ቡና ከሆነ ደርቆም ይጣበቃል፣ ብረቱንም ይበላል፤ ሳያበሩት በሚቀጥለው ቀን ለጥገና ይውሰዱት። ብዙ ጊዜ የሚቃጠለው በተደፋበት ሰዓት ሳይሆን ቶሎ ሲበራ ነው።

አማርኛ ለመጻፍ ሌላ ፕሮግራም መግዛት አያስፈልግም። ሴቲንግስ ውስጥ ታይም ኤንድ ላንጉዌጅ፣ ከዚያ ላንጉዌጅ የሚለውን ይክፈቱና አማርኛን ይጨምሩ። የዊንዶውስ ቁልፉንና ስፔስን አንድ ላይ ሲጫኑ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ይዞራል። አጻጻፉ በድምፅ ነው፤ ኤስ ሲጫኑ «ስ»፣ ዩ ሲከተለው «ሱ»፣ ኤ ሲከተለው «ሳ» ይሆናል። የራስዎን ስም አሥር ጊዜ መጻፍ ጥሩ መለማመጃ ነው።

ኢንተርኔቱ ከስልክ ሆትስፖት ከሆነ፣ ዋይፋዩን በተገናኙ ቀን ከስሙ ሥር ሚተርድ ኮኔክሽን የሚለውን ያብሩ። ያለዚያ ዊንዶውስ ማሻሻያ ማውረድ ይጀምርና ጥቅሉን በአንድ ማታ ይጨርሰዋል። ማሻሻያውን ግን አይርሱት፤ በወር አንዴ ነጻ ወይም ያልተገደበ ዋይፋይ ያለበት ቤት ወስደው ያውርዱ።

ልጅዎ ከሩቅ ሆና እንድትረዳዎት ኩዊክ አሲስት የሚባል አብሮት የሚመጣ መሣሪያ አለ። እሷ ኮድ ትሰጥዎታለች፣ ያስገባሉ፣ ስክሪንዎን ታያለች። ይህን በር የሚከፍቱት በስልክ ድምጿን እየሰሙ ብቻ ይሁን። ስክሪኑ ላይ «ኮምፒውተርዎ በቫይረስ ተይዟል፣ በዚህ ቁጥር ይደውሉ» የሚል ቀይ ገጽ እየጮኸ ቢመጣ ውሸት ነው፤ ማይክሮሶፍት እንደዚያ አይልም። አይደውሉ፤ ማብሪያውን ተጭነው ላፕቶፑን ያጥፉት፤ መልሰው ሲያበሩት ቀዩ ገጽ ብዙ ጊዜ አይኖርም። ከተቻለ ደግሞ የዕለት መጠቀሚያዎ ፕሮግራም መጫን የማይፈቀድለት ስታንዳርድ አካውንት ይሁን፤ የአስተዳዳሪውን ይለፍ ቃል የሚያምኑት ሰው ይያዘው። የራስዎን ይለፍ ቃል ደብተር ላይ ጽፈው ሳጥን ውስጥ ቢቆልፉበት ችግር የለውም፤ ስክሪኑ ላይ ከመለጠፍ በብዙ ይሻላል።

የቅሬውን መዝገብና የቤተሰብ ፎቶ በየወሩ 64 ጂቢ ፍላሽ ላይ ይገልብጡና ፍላሹን ከላፕቶፑ ለይተው ያስቀምጡ።

የመመለሻው ቀን ሳያልፍ በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ ሁለት ሦስት ሰዓት ሳያጠፉ ይጠቀሙበት። ሲግል የሚጠፋ፣ ስክሪኑ የሚንቀጠቀጥ፣ ዋይፋዩ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሚቆራረጥ ከሆነ ሱቅ ውስጥ በነበረው አንድ ሰዓት ላይታይ ይችላል፤ በዚህ ሳምንት ግን ይታያል። ካዩ ስንት ሰዓት ላይ፣ ምን ሲያደርጉ እንደሆነ በወረቀት ይጻፉና ስክሪኑን በስልክ ፎቶ ያንሱ። ሱቁ ሲመለሱ ማሽኑ ሰላም ሊመስል ስለሚችል ወረቀቱንና ፎቶውን ከደረሰኙ ጋር ያቅርቡ።